ጤና ከጤና ጣቢያው ግቢ ውጭ፦ የኅብረተሰብ ጤና እና የጤና ማጎልበት ምንነት

በሰሜን ጎንደር ዞን የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ብርሃን በሰሜን ተራሮች ደጋ ላይ ትገኛለች። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያምም ከዚያው ከጃናሞራ ምድር ናት። ወረዳው በገደልና በሸለቆ የተከፋፈለ በመሆኑ በካርታ ላይ ቅርብ መስሎ የሚታየው ቀበሌ በእግር የብዙ ሰዓት ጉዞ ይጠይቃል። ከገደሉ ሥር ካለ ጎጥ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ተይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወጣ በመንገድ ላይ የሚያልፈው ጊዜ የእርሷንና የልጇን ዕጣ የሚወስንበት አጋጣሚ አለ።

እንዲህ ያለች እናት ሕይወቷ ቢያልፍ የሞቷ ምክንያት በሕክምና መዝገብ ላይ «ደም መፍሰስ» ተብሎ ይሰፍራል። አጻጻፉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ለመወሰን የፈጀው ጊዜ፣ የእግር መንገዱ አስቸጋሪነት፣ አምቡላንሱ ሊደርስ የሚችልበት የመጨረሻ ቦታ ርቀትም ሆነ በጤና ጣቢያው መብራትና መድኃኒት መኖር አለመኖሩ በመዝገቡ ላይ ዓምድ የላቸውም። የኅብረተሰብ ጤና የሚባለው የሙያ ዘርፍ ሥራውን የሚጀምረው ይህ መዝገብ ካቆመበት ቦታ ነው።

ሐኪም የሚመለከተው ከፊቱ የተቀመጠውን ታማሚ ሲሆን የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ግን የሚመለከተው ወደ ሐኪሙ ያልመጣውን ሕዝብ ጭምር ነው። አሜሪካዊው የዘርፉ ሊቅ ቻርልስ ዊንስሎ እ.ኤ.አ. በ1920 ባቀረቡት ትርጓሜ መሠረት የኅብረተሰብ ጤና በኅብረተሰቡ የተደራጀ ጥረት በሽታን የመከላከል፣ ዕድሜን የማራዘምና ጤናን የማጎልበት ሳይንስና ጥበብ ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ከፍተኛውን ክብደት የያዘው «የተደራጀ ጥረት» የሚለው ሐረግ ነው። አንድ አባወራ የራሱን ልጅ ሊያስከትብ ይችላል፤ የጎረቤቱ ከብት የሚረግጠውን ምንጭ ግን ብቻውን አጥሮ ሊጠብቅ አይችልም። ለዚህ የውኃ ኮሚቴ፣ የቀበሌ ውሳኔ፣ ሲሚንቶና በጀት ያስፈልጋሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት ሕገ ደንብ በበኩሉ ጤናን የተሟላ የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ደኅንነት አድርጎ የሚተረጉመው ሲሆን የበሽታ አለመኖር ብቻውን ጤና እንደማይባል ያመለክታል። ትርጓሜው በጣም የተለጠጠ ነው፤ በዚህ መለኪያ ጤነኛ የሚባል ሰው ማግኘት ያዳግታል የሚሉ ተቺዎች አሉበት። ትችቱ መሠረት ያለው ቢሆንም ትርጓሜው ለመንግሥት ሠራተኛ አንድ ጠቃሚ ነገር አስገኝቷል። ጤና የአካል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ቢወሰድ ኖሮ ጉዳዩ ከአንድ መሥሪያ ቤት ባልወጣ ነበር።

አስተሳሰቡ ለሰሜን ጎንደር እንግዳ አይደለም። እንዲያውም በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት የተጀመረው በጎንደር ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ በተነሳ የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። በወቅቱ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ሲሆኑ አብዛኞቹም የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ ለደምቢያ ገበሬ መፍትሔ ሊሆን አይችልም ነበር። በመሆኑም በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ የቴክኒክ ትብብር ጋር በመሆን የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን አቋቋመ።

ኮሌጁ ያሠለጠናቸው ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበሩ። ሥልጠናው እነዚህ ሦስቱ በቡድን እንዲሠሩ ታስቦ የተቀረጸ ነው። ጤና መኮንኑ በሽታውን ይለያል፣ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውን ይመራል፤ ነርሷ ወደ እናቶችና ሕፃናት ቤት ትዘልቃለች፤ ሳኒታሪያኑ ደግሞ ምንጩን፣ ጉድጓዱንና ገበያውን ይመለከታል። ተማሪዎቹም በደምቢያ ቆላድባ እንደሚገኘው ባሉ ጤና ጣቢያዎች እየተሰማሩ ከገጠሩ ሕዝብ ጋር ይተዋወቁ ነበር። ከሦስቱ ሙያዎች በሕዝብ ዘንድ ብዙም ስሙ የማይነሳው ሳኒታሪያኑ ቢሆንም የሙያው መኖር ራሱ የኮሌጁን አቋም ያሳያል፤ ከሦስት ባለሙያ አንዱ ታማሚ አይነካም ነበር። ኮሌጁ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ከሳኒታሪያኑ ሥራ ጎን ለጎን የሚጠቀሰው ሌላው የዘርፉ መሠረት የበሽታ ቅኝት ነው። ቅኝት ማለት ማን፣ የት፣ መቼ እንደታመመ በተከታታይ መመዝገብና ከመዝገቡ ትርጉም ማውጣት ነው። የወረዳ ሠራተኞች ይህን የሚያውቁት በአብዛኛው «ሳምንታዊ ሪፖርት» በሚል ስሙ ሲሆን እንደ አሰልቺ የወረቀት ሥራ የሚያዩትም ጥቂት አይደሉም። ሪፖርቱ ሲጓደል ምን እንደሚከተል ግን ከጎንደር ብዙም ሳይርቅ ታይቷል።

በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ በቡራ ቀበሌና አካባቢው ሰዎች በትኩሳትና በክሳት እየታመሙ መሞት ሲጀምሩ በሽታው ለመድኃኒት አልበገር ያለ ወባ ነው ተብሎ ለረዥም ጊዜ ታምኖ ነበር። አካባቢው ወባ የሚያውቀው በመሆኑ ግምቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ ምርመራ ግን በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ አማካይነት የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል ሲሆን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይታወቅ የነበረው እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላዎች ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚያ የወረዱ የቀን ሠራተኞች በሽታውን ይዘው ሳይመለሱ እንዳልቀሩ ይታመናል። በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ የሕክምና ማዕከል ተከፍቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ታከሙ።

ከዚህ ክስተት ሁለት ነገር መገንዘብ ይቻላል። የመጀመሪያው፣ የወባ መድኃኒት ወስደው ያልዳኑ ሕሙማን ቁጥር በአንድ ቀበሌ ሲበዛ ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የበሽታው መንገድ የሥራ ፍለጋ መንገድ መሆኑ ነው። በየዓመቱ ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደውን ወጣት የሚመዘግበው፣ የሚያጓጉዘውና የሚቀጥረው የጤና ጽሕፈት ቤት አይደለም። ወጣቱ አጎበር ይዞ እንዲወርድ፣ ሲመለስም ትኩሳት ካለው እንዲመረመር ማድረግ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይን፣ የእርሻ ባለሀብቱንና የቀበሌውን እጅ ይፈልጋል።

ቁጥር ሲነበብም ጥንቃቄ ያሻል። 20 ታማሚ ከ500 ሰው እና 20 ታማሚ ከ5 ሺህ ሰው እኩል አይደሉም፤ በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች ቁጥሩን ከሕዝቡ ብዛት ጋር እያነጻጸሩ ያያሉ። በክረምት መንገድ ሲቆረጥ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ታማሚ ይቀንሳል። ሪፖርቱን ብቻ ያየ ኃላፊ በሽታ የቀነሰ ሊመስለው ይችላል፤ የቀነሰው ግን የሚመጣው ሰው ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየዞረ የሚመዘግበው ይህ ክፍተት በጤና ተቋም መዝገብ ብቻ ስለማይሞላ ነው።

ወደ መከላከል ጽንሰ ሐሳብ ሲኬድ በዘርፉ ሦስት ደረጃዎች ይለያሉ። አንደኛው በሽታው ከመነሳቱ በፊት፣ ሁለተኛው ከጀመረ በኋላ ሳይከፋ በፊት፣ ሦስተኛው ጉዳት ካደረሰ በኋላ አካል ጉዳትንና ሞትን ለመቀነስ የሚወሰዱ እርምጃዎች ናቸው። በአማራ ክልል ደጋ ሦስቱንም በአንድ በሽታ ላይ ማየት ይቻላል፤ በሽታው ትራኮማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው 100 ሕፃናት መካከል 62 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ተደጋጋሚ ልክፍት የዓይን ቆብን ውስጠኛ ክፍል ያጠባስለዋል፤ ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይኑን ብሌን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ያሳውራል። ሕፃናትን የሚንከባከቡት ሴቶች በመሆናቸው ለዓይነ ሥውርነት በይበልጥ የሚጋለጡትም እነርሱ ናቸው።

የታጠፈውን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ሦስተኛው ደረጃ ነው። ለመላው ነዋሪ ዚትሮማክስ የተባለውን መድኃኒት ማደል በሽታው ሳይከፋ ልክፍቱን ለማቋረጥ ይረዳል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በክልሉ በተካሄዱት የወባና የትራኮማ ሳምንታት በአንድ ዘመቻ ሚሊዮኖች መድኃኒቱን ሲወስዱ ቆይተዋል። የመጀመሪያው ደረጃ የሕፃናትን ፊት መታጠብና አካባቢን ማጽዳት ነው። ልክፍቱን ከዓይን ወደ ዓይን የሚያዛምተው ዝንብ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር እንጂ በመፀዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ባለው አይደለም። በመሆኑም በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ተራ የጉድጓድ መፀዳጃ እንኳ የዝንቡን መራቢያ ያሳጣል።

መድኃኒቱ ከአሥር ዓመት በላይ ከታደለ በኋላም በክልሉ በርካታ ወረዳዎች ትራኮማ ከሚፈለገው መጠን በታች አልወረደም። በሽታው ቀንሷል፤ ብዙ ሰዎችም ከመታወር ድነዋል። ነገር ግን መድኃኒት በዘመቻ በአንድ ሳምንት ሊዳረስ ሲችል ውኃ እንዲሁ ሊዳረስ አይችልም። በእነዚህ ወረዳዎች የቀረው ሥራ በአብዛኛው የውኃና የመፀዳጃ ሥራ ነው፤ ይህም ለዓመታት ከዕቅዱ በኋላ ሲጎተት የኖረው ክፍል ነው።

በጤና ትምህርትና በጤና ማጎልበት መካከል ያለው ልዩነትም በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ እንደ አንድ ይወሰዳሉ። የጤና ትምህርት ዕውቀት ማስጨበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በካናዳ ኦታዋ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የጸደቀው ሰነድ ግን ጤና ማጎልበትን የሚያስቀምጠው ሰዎች በራሳቸው ጤና ላይ ያላቸውን ሥልጣን እንዲያሰፉና ጤናቸውን እንዲያሻሽሉ የማስቻል ሂደት አድርጎ ነው። ሰነዱ አምስት የሥራ መስኮችን ሲያመለክት ከእነርሱ መካከል ለግለሰብ ክህሎትና ዕውቀት የተሰጠው አንዱ ብቻ ነው። የተቀሩት ለጤና የሚበጅ ፖሊሲን፣ ደጋፊ አካባቢን መፍጠርን፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎንና የጤና አገልግሎቱን ወደ መከላከል ማዞርን ይመለከታሉ።

በተግባር ሲታይ፣ ለአንዲት እናት የልጇን ፊት በየዕለቱ እንድታጥብ መንገር ትምህርት ነው። ይህች እናት ረዥም መንገድ ተጉዛ አንድ ጀሪካን ውኃ የምታመጣ ከሆነ ግን ውኃው በቅድሚያ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለጥጃ ይውላል። ትንሽ ውኃ ለብዙ ሕፃናት ፊት እንደሚበቃ ማሳየት ይቻላል፤ ይህም ጠቃሚ ነው። ምንጩን ወደ ቤቷ ማቅረብ ደግሞ ከዚያ የላቀ ውጤት አለው። እናቲቱ ሳትታጠብ ያስቀረችው ባለማወቅ ነው ብሎ መደምደም ለባለሙያ ይቀልላል፤ ጥፋቱ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ቤተሰቡ ይዛወራልና።

በምሥራቅ ጎጃም ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2004 የታየው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በካርተር ማዕከል ድጋፍ በክልሉ በተካሄደው የመፀዳጃ ግንባታ እንቅስቃሴ ለዚያ ዓመት የታቀደው 10 ሺህ ያህል ሲሆን የተሠራው ግን ወደ 90 ሺህ ተጠጋ። ግንባታውን ወደፊት የገፉት ሴቶቹ ነበሩ። በአካባቢው ልማድ ሴት በቀን ሜዳ ወጥታ መፀዳዳት ስለማይገባት ጨለማ እስኪመጣ መታገሥ ግድ ይሆንባት ነበር። የእንጨትና የጭቃ መፀዳጃ ቤት ከዚህ እስር አወጣት። ስለ ዝንብና ስለ ትራኮማ የተሰጠው ትምህርት የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ዋናው ገፊ ግን ክብርና ነፃነት ነበር። የጤና ባለሙያዎቹ ለአንድ በሽታ ብለው የጀመሩትን ሴቶቹ ለሌላ ምክንያት የራሳቸው አደረጉት።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ከዚህ አስተሳሰብ የመነጨ ነው። በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመድበው በመነሻው 16 ፓኬጆችን ይዘው ቤት ለቤት ተሰማሩ። ፓኬጆቹ የግልና የአካባቢ ንጽሕናን፣ በሽታን መከላከልን፣ የቤተሰብ ጤናንና የጤና ትምህርትን ያካተቱ ነበሩ። በመላ አገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎች የተሰማሩበት ይህ ፕሮግራም ከክትባትና ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተዳምሮ ውጤት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ሲያሳይ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል።

ፕሮግራሙ የራሱ ድካም አለው። ሁለት ሴቶች እንደ ጃናሞራ ባለ ቦታ ተበታትነው የሰፈሩ ጎጦችን በእግራቸው እንዲያዳርሱ ይጠበቃል። በየጊዜው አዲስ ዘመቻ፣ አዲስ ቅጽና አዲስ ሪፖርት ይጨመርባቸዋል። ከሌሎች ጽሕፈት ቤቶች የሚመጣውን ቅስቀሳም እንዲያካሂዱ መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ ሌሎቹ ጽሕፈት ቤቶች በጤና ሥራ ሲያግዟቸው ግን እምብዛም አይታይም።

በወረዳ ደረጃ ድርሻው እንዴት ሊከፋፈል እንደሚችል ለማየት ወደ እናቲቱ መመለስ ይበጃል። በእናቶች ሞት ጥናት ሦስት መዘግየቶች ይለያሉ። አንደኛው ቤት ውስጥ ለመወሰን የሚፈጀው ጊዜ ሲሆን በትምህርት፣ በሴቶች የመወሰን ሥልጣንና በቤተሰቡ ገንዘብ አቅም ይወሰናል። ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚያልፈው ነው፤ ይህ የገጠር መንገድ፣ የአምቡላንስ ነዳጅና የስልክ መረብ ጉዳይ ነው። የጤና ጽሕፈት ቤቱ በቀጥታ የሚያዝበት ሦስተኛው፣ ማለትም ተቋሙ ከደረሱ በኋላ የሚፈጠረው መዘግየት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን መብራትና ውኃ ከሌለ አይቃለልም። የመውለጃቸው ቀን የተቃረበ እናቶች ቀደም ብለው መጥተው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ቤት ሁለተኛውን መዘግየት ይቀርፋል። ማቆያው ግን እህል፣ ማገዶና የሚያበስል ሰው ይፈልጋል፤ እናቲቱ ስትቀር ልጆቿን የሚጠብቅ ጎረቤትም እንዲሁ።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተፈጠረው ግጭት በጤና ተቋማት፣ በመድኃኒት አቅርቦትና በባለሙያዎች እንቅስቃሴ ላይ ጉዳት አድርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸው ተመዝግቧል። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከጎዳቸው የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች መካከል ደግሞ ጃናሞራ አንዱ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሕፃን ፊት ማጠቢያ ውኃ ከቤት የሚጠፋው በመጀመሪያ ነው፤ እጅ መታጠብም ይከተላል። ምግብ ያነሰው ሕፃን በተቅማጥና በኩፍኝ በቀላሉ ይሸነፋል። የእርዳታ እህል ጭነት መድረስ አለመድረሱ የጤና ጣቢያውን የተቅማጥ መዝገብ ይለውጠዋል ማለት ነው።

በወረዳ ዓመታዊ ሪፖርቶች የተለመደው አቀራረብ የተቆፈረ መፀዳጃ፣ የሠለጠነ ቤተሰብና የተሰጠ ትምህርት በቁጥር ማስፈር ነው። መፀዳጃው ተቆፍሮ ማገዶ ማከማቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ቁጥሩ አያሳይም። ወደ መፀዳጃው የሚወስደው መንገድ የተረገጠ መሆኑን፣ ከበሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ውኃ መኖሩን፣ የስንት ሕፃናት ፊት ንጹሕ ሆኖ እንደተገኘ፣ ከቤት እስከ ምንጭ ደርሶ ለመመለስ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚፈጅ መመዝገብ ግን ይቻላል። አራቱንም ለማየት የላቦራቶሪ መሣሪያ አያስፈልግም። የግብርና ልማት ሠራተኛው፣ መምህሩና የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ በየሥራቸው ወደ ጎጦቹ ሲዘልቁ ሊመለከቷቸው የሚችሉ ናቸው።